የመጀመሪያ ዓመት የፊልም ፌስቲቫል በበጎ ፈቃደኞች፦ ከባዶ አዳራሽ እስከ መጨረሻው ክሬዲት

አዲስ ፌስቲቫል ፊልም አጥቶ አይወድቅም። ጥሪ ካወጣችሁ ፊልም ይመጣል፣ ከገመታችሁት በላይ። ቀድሞ የሚያልቀው የሰው ጊዜ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚሰጣችሁ ከሥራውና ከቤቱ የተረፈችውን ምሽት ነውና እሷን በከንቱ ካባከናችሁበት በሚቀጥለው ሳምንት ስልክ አያነሳም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያዘነብለው ወደዚያው ነው፦ የመጀመሪያውን ዓመት ትንሽ አድርጉት፣ ትንሹን ግን በደንብ አሳዩት።

ትንሽ ማለት በቁጥር ሲቀመጥ አንድ አዳራሽ፣ ሁለት ቀን፣ ስድስት የማሳያ ዙር ነው። አንድ ዙር እስከ 90 ደቂቃ ፊልም፣ 20 ደቂቃ ከፊልም ሠሪዎች ጋር ጥያቄና መልስ፣ 30 ደቂቃ ደግሞ ሕዝቡ የሚወጣበት፣ አዳራሹ የሚጠረግበትና ቀጣዩ ተመልካች የሚገባበት ጊዜ ይወስዳል። ድምሩ 140 ደቂቃ ነው፤ በቀን ሦስት ዙር 7 ሰዓት። ጠዋት ዕቃ ለመዘርጋት 2 ሰዓት፣ ማታ ለመሰብሰብ 1 ሰዓት ስትጨምሩ የ10 ሰዓት ቀን ሆነ። አራተኛ ዙር ከጨመራችሁ ከ12 ሰዓት ያልፋል፤ ስህተት የሚበዛውም በዚያች ሰዓት ነው። ሁለተኛ አዳራሽ ደግሞ ሁለተኛ ባለሙያ፣ ሁለተኛ ፕሮጀክተር፣ ሁለተኛ የበር ጠባቂ ይጠይቃል። በዚያ ላይ አንድ አዳራሽ ሊሞላ ይችል የነበረውን ሕዝብ ከፍሎ ሁለቱንም ባዶ ያስመስላቸዋል።

ማን ምን ይወስናል

ዋናው ቡድን ከ5 እስከ 7 ሰው ይበቃዋል፦ ዋና አስተባባሪ፣ የፊልም ምርጫ ኃላፊ፣ የቴክኒክ ኃላፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ፣ ማስታወቂያና ማኅበራዊ ሚዲያ የሚይዝ ሰው። ማዕረግ ማደል ቀላል ነው፤ የሚከብደው የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ መለየት ነው። ሦስት ነገሮች ከመጀመሪያው ስብሰባ ሳይወጡ በጽሑፍ ይስፈሩ።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከሁለት ሰው ፊርማ ውጭ አይወጣም። ሁለተኛ፣ የፊልም ምርጫው የሚጸድቀው በአንድ ሰው ነው። አስተያየት ከሁሉም ይሰብሰብ፣ ነጥብም ይሰጥ፤ በነጥብ አማካይ ብቻ ከተሄደ ግን የሚያልፈው ማንም ያልጠላው ፊልም ይሆናል፣ ግማሹ መራጭ አጥብቆ የወደደውም ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ከቡድኑ አባላት ፊልም ያለው ካለ ውድድር ውስጥ አይገባም። የዘመድ ወይም የባልደረባ ፊልም ሲታይም የሚመለከተው ሰው ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

የፌስቲቫሉ ኢሜይል በማንም የግል ስም አይከፈት፤ የይለፍ ቃሉንም ሁለት ሰው ይያዘው። ሁሉም የሚያየው አንድ የኤክሴል ወይም የጉግል ሰንጠረዥ ይኑር። ለእያንዳንዱ ፊልም የሚያስፈልጉት ዓምዶች እነዚህ ናቸው፦ ባለቤቱ የሚጽፈው ትክክለኛ ርዕስ፣ ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ፣ የምስሉ ስፋትና ቁመት፣ ፍሬም በሰከንድ (በአንድ ሰከንድ የሚያልፉ ምስሎች ብዛት)፣ የድምፅ ቻናል ብዛት፣ ቋንቋ፣ ሰብታይትል፣ የማሳያ ፈቃዱ የተፈረመበት ቀን፣ ፋይሉ የደረሰበት ቀን፣ የፈተነው ሰው፣ የሚመጣ እንግዳ። «የፈተነው» በሚለው ዓምድ ውስጥ ሰው ስሙን ይጻፍ እንጂ «አዎ» አይበል። «አዎ» የማንም አይደለም፤ ስሙን የሚጽፍ ሰው ግን ፋይሉን ከፍቶ ያያል።

የጊዜ ሰሌዳ፣ ከኋላ ወደ ፊት

ዘጠኝ ወር ሲቀር ቀኑና አዳራሹ ይቆረጣል። ስምንት ወር ሲቀር የፊልም ጥሪው ይወጣል፣ አምስት ወር ሲቀር ይዘጋል። ሦስት ወር ሲቀር ለተመረጡትም ላልተመረጡትም መልስ ይሄዳል። ስድስት ሳምንት ሲቀር ፕሮግራሙ ይታወጃል፣ ትኬት ይከፈታል። አራት ሳምንት ሲቀር የፋይል መቀበያ ይዘጋል፤ ሁለት ሳምንት ሲቀር ያልተፈተነ ፋይል አይኖርም። አንድ ሳምንት ሲቀር አዳራሹ ውስጥ ሙሉ ልምምድ ይደረጋል።

ቀን ስትመርጡ ከፈተና ወቅት፣ ከትልልቅ በዓላትና ከትልልቅ የኳስ ጨዋታዎች ሽሹ። ከዚያ በላይ ያለው ከእናንተ እጅ ውጭ ነው፦ የፈረንሳዩ ካን የመጀመሪያ ፌስቲቫሉን እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1939 ሊከፍት ተዘጋጅቶ ሳለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለፈነዳ በይፋ የተጀመረው በ1946 ነው። መጠኑ ለሚያስጨንቃችሁ ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ፌስፓኮ በ1969 ሲጀምር የአፍሪካ ፊልም «ሳምንት» ነበር።

የፊልም ጥሪ፦ በሩን ሙሉ በሙሉ አትክፈቱት

እንደ ፊልምፍሪዌይ ባሉ ፊልም መቀበያ ድረ ገጾች ጥሪ ማውጣት ቀላል ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይመጣል። ክፍያ የሌለውና ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ጥሪ ማንም ሊያየው የማይችል ክምር ያመጣባችኋል። ስለዚህ በሩን አጥብቡ፦ አጭር ፊልም እስከ 20 ደቂቃ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሠራ፣ ተመልካቹ በሚረዳው ቋንቋ ሰብታይትል ያለው። የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው ክሬዲቱን (የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር) ጨምሮ እስከ 40 ደቂቃ የሆነውን ነው። ለእናንተ ግን የ40 ደቂቃ ፊልም የአንድ ዙር ግማሽ ይበላል።

ሂሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት። 150 ፊልም፣ በአማካይ 15 ደቂቃ ቢሆን 37 ሰዓት ተኩል ነው። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ይየው ካላችሁ 75 ሰዓት። አምስት መራጮች ካሏችሁ ለአንዱ 15 ሰዓት ይደርሰዋል፤ በሳምንት 3 ሰዓት የሚሰጥ ሰው በአምስት ሳምንት ይጨርሳል። ይህ ከጥሪው መዘጋት እስከ መልስ መስጫው ባለው ጊዜ ውስጥ ካልገባ የሚጠበው በሩ እንጂ የመራጩ እንቅልፍ አይደለም።

በመጀመሪያ ዓመት «ሌላ ቦታ ያልታየ ፊልም ብቻ» ማለት ራስን መጉዳት ነው። የመጀመሪያ ማሳያውን ለታወቀ ፌስቲቫል የሚያስቀምጥ ፊልም ሠሪ ለእናንተ አይሰጥም፤ እንዲህ ያለው ገደብ መልካሞቹን አስቀርቶ የተቀሩትን ነው የሚያመጣላችሁ። ያልተመረጡትን በተመለከተ፣ ደብዳቤው ለሁሉም በአንድ ቀን፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ይላክ። የራሱን መውደቅ ከፖስተር ላይ የሚረዳ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።

ፈቃድ

ዲቪዲ መግዛት ወይም ለኦንላይን ፊልም አገልግሎት መክፈል ቤት ውስጥ ለማየት ነው። ለሕዝብ ለማሳየት የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መግቢያው ነጻ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። ዳይሬክተሩ ሁልጊዜ ባለመብት አይደለም፤ ፕሮዲውሰሩ ወይም አከፋፋዩ ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል፦ የፊልሙ ርዕስ፣ የሚታይበት ቀንና አዳራሽ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ ክፍያ ካለ መጠኑ ከሌለም «ያለ ክፍያ» የሚል ቃል፣ ለማስታወቂያ እስከ 60 ሰከንድ ቅንጭብና ፎቶ መጠቀም መቻሉ፣ ፋይሉ ከፌስቲቫሉ በኋላ በስንት ቀን እንደሚጠፋ፣ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሙዚቃ ፈቃድ እንዳለው የፈራሚው ማረጋገጫ። ሳይፈረም የትኛውም ርዕስ ፖስተር ላይ አይውጣ።

አዳራሹን መፈተሽ

አዳራሹን ለማየት የምትሄዱት ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት ነው። በማታ ጨለማ የመሰለው አዳራሽ ቀን ላይ በመጋረጃው ጠርዝ ፀሐይ ያስገባል። መብራቱን ሁሉ አጥፉና ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የማራገቢያው ጩኸት፣ የጎረቤት ክፍል ድምፅ፣ የማይጠፋው አምፖል የሚታወቀው ያኔ ነው። የመውጫ ምልክት መብራቶች ግን አይሸፈኑም፣ መተላለፊያም ላይ ወንበር አይጨመርም።

ከዚያ ረጅም ሰው ከፊት አስቀምጡና እናንተ ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። ወለሉ ደልዳላ ከሆነ ሰብታይትሉ በሰው ጭንቅላት ይጋረዳል። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ ወደ 1.2 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የስክሪኑ የታች ጠርዝ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር መነሳት አለበት። የፊት ረድፍ ከስክሪኑ ቢያንስ በስክሪኑ ስፋት ያህል ይራቅ። ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች የሚሆን ቦታ በረድፎቹ ውስጥ ይተው፣ ጥግ ላይ አይሁን።

ፕሮጀክተር ስትከራዩ «ጥሩ ነው» የሚለውን ቃል ትታችሁ ሉመኑን፣ ማለትም የሚያወጣውን የብርሃን መጠን፣ ጠይቁ። ሲኒማ ቤት ስክሪን ላይ የሚፈለገው ድምቀት በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው፤ ይህ በተራ ነጭ ስክሪን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወደ 150 ሉመን ይሆናል። 4 ሜትር ስፋትና 2.25 ሜትር ቁመት ያለው ምስል 9 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 1,350 ሉመን ስክሪኑ ላይ መድረስ አለበት። አምፖል እያረጀ ይደክማል፣ የቀለም ማስተካከያውም ብርሃን ይቀንሳል። በወረቀት የተጻፈውን በግማሽ አስሉት፤ ለጨለመ ክፍል 3,000 ሉመን በቂ ነው፣ ብርሃን ለሚያስገባ ክፍል ደግሞ 5,000ም ላያድን ይችላል። የት እንደሚቆም ለማወቅ የሌንሱን የርቀት ምጣኔ በምስሉ ስፋት አባዙ፦ ምጣኔው 1.5 ከሆነ ለ4 ሜትር ምስል 6 ሜትር ይርቃል። ከጎን አቁሞ ምስሉን በማስተካከያ ማቃናት ጥራቱን ስለሚበላ መሃል ላይ አቁሙት።

ሶኬቶቹ የትኛው ከየትኛው ፊውዝ ጋር እንደተያያዘ ፈትሹና በወረቀት ጻፉ። ፕሮጀክተርና የድምፅ ዕቃ ከተለያየ መስመር ኃይል ሲወስዱ ስፒከሩ ውስጥ «እምምም» የሚል ድምፅ ይገባል፤ አንድ መስመር ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስወግደዋል። የውሃ ማፍያ በዚያ መስመር ላይ አይሰካ። ኤሌክትሪክ ድንገት ከጠፋ አምፖል ያለው ፕሮጀክተር እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ አይነሳም። ላፕቶፑ፣ ፕሮጀክተሩና ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ዩፒኤስ በሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ከሆኑ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ፊልሙ አይቋረጥም። ኤችዲኤምአይ ኬብል ከ10 እስከ 15 ሜትር ካለፈ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ለረጅም ርቀት ኤስዲአይ ወይም የኦፕቲካል ኬብል ተጠቀሙ፣ ተጨማሪ አንድም ይያዝ።

ፋይሎች፦ ብዙ ፌስቲቫል የሚሰበርበት ቦታ

ላፕቶፕና ፕሮጀክተር የምትጠቀሙ ከሆነ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላኩ፦ 1920 በ1080፣ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው የሚባለው ከባድ የቪዲዮ ዓይነት ወይም ቢያንስ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሆነ ኤች.264 የሚባለው የተጨመቀ ዓይነት፣ ፊልሙ በተቀረጸበት ፍሬም፣ ስቴሪዮ ድምፅ። የመጀመሪያው ዓይነት በሰዓት ወደ 80 ጊጋባይት ይወስዳል፣ ሁለተኛው ወደ 9። ስድስት ዙር 9 ሰዓት ፊልም ነው፤ ሁሉም ፕሮሬስ ቢሆን 720 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ያዙ፣ ቅጂው አንድ ዓይነት፣ ቦርሳው ግን የተለያየ። ፎርማታቸው ኤክስፋት ይሁን፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ስቴሪዮ ለምን? ለ5.1 (ስድስት ቻናል ላለው የሲኒማ ድምፅ አደረጃጀት) በተሠራ ድምፅ ውስጥ ንግግሩ በብዛት ያለው በመሃል ቻናል ነው። አዳራሹ ግራና ቀኝ ስፒከር ብቻ ካለውና ማጫወቻው ቻናሎቹን ካላዋሃዳቸው ሙዚቃው ይሰማል፣ የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ ሰዎቹ ግን አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። በላፕቶፕ ስፒከር ስትፈትኑት ላይታወቅ ስለሚችል ችግሩ የሚገለጠው ከሕዝብ ፊት ነው።

ሰብታይትል በተለየ የኤስአርቲ ፋይል ከመጣ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ-8፣ መቀመጡን አረጋግጡ፤ አለዚያ የግዕዝ ፊደሎች ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ኢንኮዲንጉ ልክ ሆኖ ማጫወቻው የግዕዝ ፎንት ካላገኘ ደግሞ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ምስሉ ላይ ታትሞ እንዲመጣ መጠየቅ ይሻላል።

ሲኒማ ቤት ውስጥ የምታሳዩ ከሆነ ፋይሉ ዲሲፒ የሚባለው የሲኒማ ቤት ዲጂታል ፊልም ጥቅል ነው። በ2ኬ (ስፋቱ ወደ 2,000 ነጥብ በሚጠጋ ምስል) ሁለቱ መደበኛ መጠኖች 1998 በ1080 እና 2048 በ858 ናቸው። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይሠራዋል፤ ሥራው ግን ሰዓታት ይፈጃል፣ የተሠራው ሁሉም በዚያ ሲኒማ ቤት ሰርቨር ላይ መፈተን አለበት። በቁልፍ የተዘጋ ዲሲፒ ኬዲኤም የሚባል ፋይል ይጠይቃል፤ ይህም ለአንድ ሰርቨር፣ ለተወሰኑ ቀናትና ሰዓታት ብቻ ይሠራል። የልምምዱ ቀን ካልተካተተበት ፊልሙን የምታዩት ከተመልካቹ ጋር አብራችሁ ይሆናል። ለመጀመሪያ ዓመት ያልተቆለፈ ጠይቁ።

አጫጭር ፊልሞችን አንድ ረጅም ፋይል አድርጎ መስፋት ያጓጓል። አታድርጉት፦ 24፣ 25 እና 30 ፍሬም ያላቸው ሲደባለቁ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ቢበላሽም መዝለል አይቻልም። እያንዳንዱ በራሱ ፋይል፣ በመካከላቸው የ5 ሰከንድ ጥቁር ቅንጭብ ተደርጎ በዝርዝር ይጫወት። የፋይሉን ስም በተራ ቁጥር ጀምሩት፦ 03-02 ማለት ሦስተኛ ዙር፣ ሁለተኛ ፊልም።

ላፕቶፑ ለፌስቲቫሉ ብቻ ይሁን። እንቅልፍ፣ ስክሪን ሴቨር፣ ዝማኔ፣ ዋይፋይ፣ የመልእክት ማሳወቂያና የኮምፒውተሩ ድምፆች ይጥፉ። የዴስክቶፕ ምስሉ ጥቁር ይሁን። ፕሮጀክተሩ ላፕቶፑን እንዲደግም ሳይሆን ሁለተኛ ስክሪን እንዲሆን አድርጉት፤ አለዚያ የማውሱ ቀስት ተዋናይዋ ግንባር ላይ ይቆማል።

ልምምድ

ከሳምንት በፊት፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ኬብል። ከእያንዳንዱ ፊልም የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃ፣ ከመሃል 1፣ ከመጨረሻ 2 እዩ። 30 ፊልም ካለ 150 ደቂቃ ነው፤ ከማስተካከያው ጋር ግማሽ ቀን ያዙለት። የድምፅ ደረጃ ከፊልም ፊልም በጣም ይለያያል፦ አንዱ ለኢንተርኔት ከዜሮ በታች 14፣ ሌላው ለቴሌቪዥን ከዜሮ በታች 23 ኤልዩኤፍኤስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሆነው የተቀነባበሩ ሁለት ፊልሞች የ9 ዴሲቤል ልዩነት አላቸው፤ አንዱ ይንሾካሾካል፣ ሌላው ጆሮ ይበሳል። ለእያንዳንዱ ፊልም የሚክሰሩን የፌደር (የድምፅ መጠን ተንሸራታች) ቁጥር ጻፉ። ሰው የሞላበት አዳራሽ ድምፅ ይውጣልና በዕለቱ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይኖራል።

የአጫጭር ፊልሞች ዙር ከ85 ደቂቃ አይለፍ። በሁለተኛ ደረጃ ጠንካራ በሆነው፣ በቀላሉ በሚገባው ክፈቱ፤ ከባዱንና ዝግ የሚለውን ሦስተኛ አድርጉት፤ ምርጡን መጨረሻ። ሁለት የሐዘን ፊልም አታከታትሉ፣ ሁለተኛው የአንደኛውን ዕዳ ይከፍላል። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚገባው በሁለት ፊልሞች መካከል ብቻ ነው።

ገንዘብ ባጭሩ

አዳራሽ፣ የዕቃ ኪራይ፣ ኅትመት፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የበጎ ፈቃደኞች ምግብና ትራንስፖርት፣ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ። በጀቱን ከወንበሩ አንድ ሦስተኛው ብቻ ይሸጣል ብላችሁ ሥሩ። መግቢያው ነጻ ከሆነ የተመዘገበው ሁሉ አይመጣም፤ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊት ያልደረሰ ሰው ቦታው ለሚጠባበቁት እንደሚሰጥ ትኬቱ ላይ ጻፉ። ከስፖንሰር በገንዘብ ፋንታ አዳራሽ ወይም ኅትመት መጠየቅ ይቀላል። የምትሰጡት ከፊልሙ በፊት እስከ 30 ሰከንድ ምስል ይሁን፤ ንግግር አትስጡ። አንድ ጊዜ ማይክ የያዘ ስፖንሰር ከመድረክ አይወርድም።

የዕለቱ ሰዎች

ለአንድ ዙር በር ላይ 2፣ ትኬት 1፣ አዳራሽ ውስጥ አስቀማጭ 2፣ ፕሮጀክተር ላይ 2፣ መድረክ መሪ 1፣ እንግዳ ተቀባይ 1፣ ሥራ ያልተመደበለት ተንቀሳቃሽ 1። አሥር ሰው ነው፤ አሥራ አራት መዝግቡ። ከ5 ሰዓት በላይ ማንም አይቁም፤ እያንዳንዱም ቢያንስ አንድ ዙር ቁጭ ብሎ እንዲያይ ቃል ይገባለት። የቴክኒክ ኃላፊው በዕለቱ ሌላ ሥራ የለውም፤ ወንበር ማስተካከልም ቢሆን።

የቀኑ የመጀመሪያ ዙር የሰዓት ዝርዝር ይህን ይመስላል፦

60 ደቂቃ ሲቀር፦ ፕሮጀክተር ይበራል፣ የመጀመሪያው ፊልም ምስልና ድምፅ ይፈተሻል።
30 ሲቀር፦ ማይኮች በአዲስ ባትሪ ይሞከራሉ፤ መድረክ መሪው የእንግዶቹን ስም አጠራር ከራሳቸው ይጠይቃል።
20 ሲቀር፦ በር ይከፈታል።
በሰዓቱ፦ መድረክ መሪው ከ2 ደቂቃ ያልበለጠ ንግግር ያደርጋል። መብራት ይጠፋል።
ክሬዲቱ ሲያልቅ እንጂ ሲጀምር አይደለም፦ መብራት ቀስ ብሎ ይበራል፣ እንግዶች ወደ መድረክ ይወጣሉ።

በጥያቄና መልስ ጊዜ ማይኩን አስቀማጩ ይያዘው፣ ለጠያቂ አይሰጠው። የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ ከመድረክ መሪው ይምጣ፤ ሕዝቡ እስኪደፍር ያለውን ዝምታ ይሸፍናል።

ፊልም ከቆመ መብራቱ በግማሽ ይበራ፣ መድረክ መሪው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ምን እንደሆነ ይናገር። ሰው መዘግየትን ይታገሳል፣ ዝምታን ግን አይታገስም። በ10 ደቂቃ ካልተስተካከለ ወደ ቀጣዩ ፊልም ይታለፍ፣ የቆመው በዙሩ መጨረሻ ይሞከር። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የሚታየው ላፕቶፑ ድምፁን በየትኛው መውጫ እንደሚልክ ነው፤ ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ራሱ መቀየር ልማዱ ነው።

ካለቀ በኋላ

የተሸጠ ትኬት ሳይሆን የተቀመጠ ሰው ይቆጠር፣ በየዙሩ፣ መብራት ከጠፋ 15 ደቂቃ በኋላ። በሰባት ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ፊልም ሠሪ ስንት ሰው ፊልሙን እንዳየ ከአንድ የአዳራሹ ፎቶ ጋር ይላክ። ፋይሎቹ በስምምነቱ ቀን ከሁለቱም ሃርድ ዲስክና ከላፕቶፑ ይጥፉ፤ የመጣ ዲስክ ይመለስ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጎ ፈቃደኞቹን ሰብስቡና የትኛው ሥራ ስንት ሰዓት እንደፈጀ በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ጻፉ። የሚቀጥለው ዓመት ስድስት ዙር ይሁን ወይስ ስምንት የሚወሰነው ከዚያ ዓምድ ነው።